ወደ መስኮቱ፣ ወደ ምድጃው

በቤታችን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የተገኘው በእኔ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆን ኖሮ በዚህ ምድር ላይ ተሳቢ የሚጎትተውን ሹፌር ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እል ነበር፤ እሱም ቢሆን ከእውነት ብዙ የራቀ አይደለም።

ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው አዲሶቹ ገና ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። በጥርስ ያጣሁትን ግን በምላስ አካክሼዋለሁ። ሰፈርተኛው "ጡሩምባ" ነበር የሚለኝ። አንድ ወሬ ጠዋት ጆሮዬ ከገባ ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩን ያዳርስና አብጦ፣ ልብስ ቀይሮ ወደ እኔው ይመለሳል። እኔም አዲስ መስሎኝ ተቀብዬ እንደገና እነዛዋለሁ።

አባቴ ባለ ተሳቢ መኪና ነበረው። ከዱቄት ፋብሪካው እየጫነ ወደ ሩቅ ከተሞች ያደርሳል። ስለ መኪናው ርዝመት ስናገር፣ አፍንጫው ቤታችን በር ላይ ሲቆም ጭራው ገና ከፋብሪካው ግቢ አልወጣም እል ነበር። ዛሬ ፎቶግራፉን ሳየው መኪናው አጥሮ ይታየኛል፤ ጥፋቱ ያነሳው ሰው ነው። እናቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። የመኪናውን ሸራ የምትጥፈውም እሷው ናት። ያ ሸራ በተዘረጋ ቁጥር ቤታችን ድንኳን ይሆናል፤ እኔም ከሥሩ ገብቼ ስንከባለል እውላለሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከጨዋታ ስመለስ እናትና አባቴ ማድቤት ውስጥ ጠረጴዛው ጋ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛችን በመስኮቱና በምድጃው መካከል ነበር የሚቆመው፤ በአንድ በኩል የውጭው ብርሃን፣ በሌላው በኩል የድስቱ ሙቀት ያገኘዋል። እማዬ ከአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ላይ ጮክ ብላ ታነባለች። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

"የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ቁልቁለት እየወረደ የአየሩ ግፊት ቢቀንስ፣ አሽከርካሪው በቅድሚያ ምን ማድረግ አለበት?"

"ደንግጦ ይጮሃል" አለ አባቴ።

"እሱ ምርጫው ውስጥ የለም።"

"እንግዲያው መጽሐፉን የጻፈው ሰው ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም።"

"ቀልዱን ተወውና ንገረኝ።"

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰና ማርሽ ስለ መቀነስ፣ ዳር ስለ መያዝ፣ ስለ መቆም ተናገረ። እማዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው ትደግማለች። ጣቷን መጽሐፉ ላይ አሳርፋ "ልክ ነው" አለች።

እኔ በሩ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ጠያቂው "ልክ ነው" ይላል፤ ይህን ነገር ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ። አባቴ ክፍል ደግሟል ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመን መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ጠርቶት "አንተ ብዙ ተሳስተሃልና እንደገና ተፈተን" ብሎታል። ወዲያውም ይህን ሰው ከውርደት የማድነው እኔ ነኝ ብዬ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት አቀማመጣቸውን ማስተካከል ነው። አስተማሪና ተማሪ ጎን ለጎን አይቀመጡም። በመካከላቸው ገብቼ፣ እማዬን በክርኔ ገፍቼ ከአባቴ ወንበር ላይ ግማሹን ያዝኩ።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ?" አለች እማዬ።

"አስተማሪ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። እኔ ከአባዬ ጋር ሆኜ አግዘዋለሁ።"

እማዬና አባቴ ተያዩ። እማዬ ሳቋን ውጣ ወንበሯን አነሳችና ከጠረጴዛው ማዶ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በኋላ አቀማመጣችን ይኸው ሆነ፦ እኔና አባቴ ወዲህ፣ እማዬ ወዲያ ማዶ። መስኮቱ ለእኔና ለአባቴ በግራችን ነው፣ ምድጃው በቀኛችን።

አባቴ በዚያ ሰሞን ቀልደኛ ሆኖብኝ ነበር። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር በአንድ ዓይኑ ይጠቅሰኛል። ሻይ ሲቀዳ ከኩባያው ጎን ጠረጴዛው ላይ ያንቆረቁረውና "ጠረጴዛውም ጠምቶታል" ይላል። ሲያየኝ አንገቱን ወደ አንድ ጎን እንደ አውራ ዶሮ ያዞራል። እኔም አንገቴን አዙሬ በዶሮ ቋንቋ እመልስለታለሁ፤ ሁለታችንም እንንጫጫለን። እማዬ ግን ስንጫወት አታየንም፤ ወደ ድስቷ ትዞራለች።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ የማውቀው ይህ ነው፤ የአባቴ የግራ ዓይን ብርሃን እየሄደ ነበር። መንጃ ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ተቃርቧል፣ ለእድሳት ደግሞ የዓይን ምርመራ አለ፤ ባንድ ዓይን ባለ ተሳቢ መኪና የሚያስነዳ ሐኪም አልተፈጠረም። የፋብሪካው ስምሪት ኃላፊ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ "አለቃ" የሚሏቸው ሰውዬ፣ በቅጥር ሹፌር ለሚነዳ መኪና ጭነት አልሰጥም ያሉ ናቸው። ከዚህ በፊት አንድ ቅጥር ሹፌር ሸራ ሳያለብስ ዝናብ ውስጥ ገብቶ ሙሉ ጭነት ዱቄት ሊጥ አድርጎባቸዋል። "የቤቱ ሰው ካልነዳው ጭነቱ ለሌላ መኪና ይሰጣል" ነበር የሚሉት። በቤታችን ደግሞ ሰው ሦስት ነው፤ አንዱ ዓይኑን ያመመው፣ አንዷ ጥርስ የሌላት። የቀረችው እናቴ ናት።

ፈተናው የእሷ ነበር። ማዶ ተቀምጣ የምትጠይቀው ተማሪዋ ናት። ጽሑፉ ለዓይኑ ስለረቀቀበት እሷ ታነብለታለች፣ እሱ ይተነትንላታል፣ እሷ ትሸመድዳለች። ይህን ሁሉ ለእኔ ያልነገሩኝ ስለማይወዱኝ አይደለም፤ ስለሚያውቁኝ ነው።

የቲዎሪው ነገር መልክ ከያዘ በኋላ ወደ ተግባሩ ገቡ። ከሁሉ የሚከብደው ተሳቢን በኋላ ማርሽ ወደ ግራ አስገብቶ ማቆም ነው አሉ። አባቴ የጫማ ብሩሽ አመጣና መኪና አደረገው። ተሳቢ ሲያጣ ከዳቦው ቆርሶ በሹካ ከብሩሹ ጋር አያያዘው። መሪ ደግሞ የድስት ክዳን ሆነ፤ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእማዬ። ለእኔም ትንሿን የሻይ በራድ ክዳን ሰጡኝ፤ ከትንሿ መሪ የሚነዳው ትልቁ መኪና ነው ብዬ ስለነበር አልከፋኝም።

"ተመልከቺ" ይላል አባቴ። "መግቢያው እዚህ ነው፣ በመስኮቱ በኩል። ተሳቢው ወደ መስኮቱ እንዲሄድልሽ መሪውን መጀመሪያ ወደ ምድጃው ነው። ቀስ። ወደ ምድጃው። አሁን መታጠፍ ሲጀምር ወደ መስኮቱ ተከተይው።"

"ወደ ምድጃው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ" ትላለች እማዬ። ክዳኑን ይዛ እጁን እያየች እንደ እሱ ታዞራለች።

"አባዬ፣ ለምን ታሳያታለህ? እሷ እኮ ታውቃለች" አልኩ።

"እውነትሽን ነው" አለ አባቴ። "እንዳወቅኩ እያሳየኋት ነው።"

በመሃል ብሩሹን ሲጎትት ተሳቢው አልተከተለውም። አንገቱን አዙሮ ቢያይ ዳቦው ግማሹ የለም።

"ጭነት የሚሰርቅ አለ በዚህ መንገድ ላይ" አለ።

አፌ ሞልቶ ስለነበር መልስ አልሰጠሁም። በማግስቱ ተሳቢው የሳሙና ማስቀመጫ ሆነ።

እማዬ በዚያው ሰሞን ክር ልግዛ እያለች መሄድ አበዛች። ስትመለስ መሽቷል፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ ክር ግን የላትም። እኔ ከገበያ ክር የጠፋ መስሎኝ ለሰፈሩ ሁሉ አስታወቅኩ። ጎረቤቶቻችን ተጋፍተው ክር አከማቹ፤ አንዳንዶቹ ቤት ያ ክር እስከ ዛሬ አላለቀም። እማዬ የምትሄደው ግን መንጃ ማሠልጠኛው ነበር። እዚያ ባለ ተሳቢ መኪናው አንድ ብቻ ነው፤ ሠልጣኙ ብዙ። ወደ ፊት መንዳቱን በደንብ አስተማሯት። የኋላ ማርሹ ላይ ግን መሪውን ጨብጣ ሳይሞቃት ተረኛው ይመጣል። የቤታችንን መኪና እንዳታወጣ ደግሞ ወሬው አለቃ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ የተሳቢውን ነገር የተማረችው በክዳንና በሳሙና ማስቀመጫ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክዳን በክዳን ሆነን ሳለ በሩ ተንኳኳና አለቃ ራሳቸው ገቡ። ወፍራም ናቸው፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው አያወርዱም፣ ከኮታቸው ሁልጊዜ ዱቄት ይበናል።

"ሸራው ተጠገነ ወይ ብዬ ነው፤ ዝናቡ እየመጣ ነው" አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ብሩሽ፣ የሳሙና ማስቀመጫ፣ ሦስት ክዳን። "ምን እየሠራችሁ ነው?"

አባቴ ብሩሹን አንስቶ ጫማውን መጥረግ ጀመረ። እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ ነበር።

ዝምታ የማልችለው በሽታዬ ነው።

"አባዬ ለፈተና እየተዘጋጀ ነው" አልኩ።

አለቃ ወደ አባቴ ዞሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ። "የምን ፈተና? አንተ ፈቃድ አለህ አይደለም እንዴ?"

ክፍል ደገመ እንዳልል አባቴን ማዋረድ ነው። ደረቴን ነፋሁ። "የትልቅ መኪና ፈተና ነው። ይሄኛው ለእሱ አነሰበት። አዲሱ ሦስት ተሳቢ ነው የሚጎትተው። ጎማው ከቤታችን ይበልጣል፣ ለመውጣት መሰላል አለው። ውሃ ውስጥም ይሄዳል። የናንተን ፋብሪካ እንዳለ ጭኖ ወስዶ ማታ ይመልሰዋል።"

"ፋብሪካውን?"

"ከነሠራተኞቹ። እርስዎንም ጋቢና ያስቀምጥዎታል።"

አለቃ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በዚያች ማድቤት ውስጥ ዱቄት በዱቄት ሆነን ሁላችንም አስነጠሰን። "አንቺ ልጅ እኮ ለሬዲዮ ጣቢያ ነው የተፈጠርሽው" አሉኝና ራሴን ደባብሰው ሸራውን ሊያዩ ወጡ። ከምሬ የተናገርኩትን አንዲቷን እውነት፣ ፈተና መኖሩን፣ ከቀረው ጋር ጠቅልለው በሳቅ አወጧት።

በሩ ሲዘጋ እማዬ ወንበሯ ላይ ዝርግፍ አለች። "ይቺ ልጅ አንድ ቀን ታስበላናለች" አለች።

"ዛሬ ግን አተረፈችን" አለ አባቴ።

"ሳላልፍ ቢሰማ እኮ አለቀልን። መኪናውን ምን ልናደርገው ነው?"

"ታልፊያለሽ።"

"ብወድቅስ?"

እኔ ግን "ታልፊያለሽ" ያላት፣ ጥሩ አስተማሪ ነሽ ለማለት መሰለኝ። በእኛ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹ ከወደቁ አስተማሪዋን ይቆጧት ነበር። ስለዚህ ተነስቼ እማዬን አቀፍኳትና "አይዞሽ፣ አባዬን እኔ አስጠናዋለሁ" አልኳት። ፊቷን አንገቴ ሥር ቀብራ ቆየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እየሳቀች መስሎኝ እኔም ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ስጠይቃት እየሳቅኩ ነበር ትላለች። እንግዲህ ካለች ይሁን።

የጽሑፍ ፈተናው ቀን ሁለቱም አምረው ለብሰው ወጡ። ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

"እህስ?"

"አልፈናል" አለ አባቴ፤ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኗል።

ሰፈሩን በአንድ እስትንፋስ አዳረስኩት። አባቴ ከፈተናው ሁሉ አንድም አልሳተም፣ ፈታኞቹም ተነስተው ጨበጡት አልኩ። የጎሚስታው ልጅ ብቻ አላመነኝም። ጎሚስታው ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚለጥፈው ጎረቤታችን ነው፤ ልጁ እኩያዬ ሲሆን፣ እኔ ስናገር እጆቹን አጣምሮ አንድ ቅንድቡን ያነሳል።

"አባትሽ እኮ መንጃ ፈቃድ አለው" አለ። "አባቴ ነግሮኛል።"

"አባትህ የሚያውቀው ስለ ቀዳዳ ነው። የተግባሩ ቀን ና እና በዓይንህ እይ።"

መጣ። እሱ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ውስጥ እግር ያለው ልጅ ሁሉ መጣ። የመፈተኛው ሜዳ በሽቦ አጥር የተከበበ ነው። አቧራው ላይ ቀይና ነጭ የተቀቡ እንጨቶች ተተክለዋል። አባቴ እጄን ይዞኝ አጥሩ ሥር ቆመን ሳለ ልጆቹ ከኋላዬ ተሰለፉ። አባቴ ዞር ብሎ አያቸውና "ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ያንተ ደጋፊ ነው" አልኩት።

በሜዳው ጫፍ ባለ ተሳቢው መኪና ተንቀሳቀሰ። ጋቢናው ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ፈታኝ ይታያሉ፤ መሪው ጋ ያለው ሰው ግን ፀሐዩ መስተዋቱ ላይ እያንጸባረቀ ፊቱ አይለይም። እኔ መለየት ምን ያደርግልኛል?

"ተመልከቱ እንግዲህ" አልኩ ወደ ልጆቹ ዞሬ። "የመሪ አያያዙን ተመልከቱ። እንደ አባቴ የሚይዝ የለም።"

የጎሚስታው ልጅ ቅንድቡን አነሳ። "ጡሩምባ፣ አባትሽ እኮ እዚህ ቆሟል።"

ቀና አልኩ። እውነትም እጄን የያዘኝ አባቴ ነው። ከቤት ጀምሮ ሳይለቀኝ ነው የመጣው።

"አባዬ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ፈተናህስ?"

"ፈተናዬ ያቻት፣ እየነዳች መጣች" አለ።

መኪናው ሲጠመዝዝ ፀሐዩ ከመስተዋቱ ላይ ወረደና የእማዬ ፊት ታየኝ። ፀጉሯን በመሐረብ አስራ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ክዳኑን እንደምትይዘው መሪውን ይዛለች። በሕይወቴ አፌ ሥራ የፈታው ያኔ ነው። ብዙ ግን አልቆየም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ልጆቹ ዞርኩና "እናቴ ናት ብያችሁ አልነበረም?" አልኳቸው። ያላመነ ካለ ድምፁን አላሰማም።

ወደ ፊት ያለውን እንደ ውሃ ነዳችው። በእንጨቶቹ መካከል ተጠማዝዛ ወጣች፣ ለፈተና በተሠራችው ዳገት ላይ አቁማ ሳትንሸራተት ተነሳች። ከዚያ የኋላ ማርሹ መጣ። መግቢያው በግራዋ ነው። መኪናው ጥቂት ወደ ኋላ ሄደ፤ ተሳቢው ግን ወደ መግቢያው መታጠፉን ትቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ባዶው ሜዳ ሸሸ። መሪውን ይበልጥ ጠመዘዘችው፣ እሱም ይበልጥ ሸሸ።

"ምነው?" አለ አባቴ በሹክሹክታ። "ምነው? ታውቀው የለም እንዴ?"

እኔ ግን መፍትሔውን አውቀዋለሁ፤ በሻይ በራድ ክዳን ተምሬዋለሁ። አጥሩ ላይ ወጥቼ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ። "እማዬ፣ ወደ ምድጃው! ወደ ምድጃው!"

አባቴ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሁለት እጆቹን አነሳና አያቸው፤ ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ። "ፊት ለፊት ነው የተቀመጥነው" አለ። "ለእሷ ምድጃው በግራዋ ነው።" ሽቦውን ጨብጦ ግንባሩን አስደገፈበት።

እንዲህ ነው የሆነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አባቴ ክዳኑን ወደ ምድጃው፣ ወደ ቀኙ ሲያዞር፣ እማዬም እጁን እያየች ወደ ምድጃው፣ ወደ ግራዋ ስታዞር ነበር። እጇ የተማረው ሁሉንም የተገላቢጦሽ ነው። የፈተናው ደንብ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ፊት ወጥቶ ማስተካከል ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ነው፤ የአባቴ የእድሳት ቀን ደግሞ ከሚቀጥለው የፈተና ዙር በፊት ነው የሚውለው።

ባለፉት ዓመታት ይህን ታሪክ ለሰው ሁሉ ሳወራ እናቴን ያሳለፋት የእኔ ጩኸት ነው ስል ኖሬያለሁ። እማዬ ባለችበት ሳወራው ግን ትስቃለች። በዚያ ሞተር ድምፅ እንኳን አንቺን ነጎድጓድም አልሰማ ትለኛለች። እንኳንም አልሰማችኝ፤ ምድጃው ለእሷ በግራዋ ስለነበር ብትሰማኝ ኖሮ ያንኑ ስህተት ትደግመው ነበር።

በዚያች ደቂቃ ያየሁት ይህን ብቻ ነው። መኪናው ቆመ። እማዬ እጆቿን ከመሪው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። ዓይኗን ጨፈነች። የጎሚስታው ልጅ "ተኛች እንዴ?" አለ።

"ምን እያሰብሽ ነበር?" ብዬ የጠየቅኳት ካደግኩ በኋላ ነው።

"ማድቤት ነበርኩ" አለችኝ። "ከወንበሬ ተነስቼ ጠረጴዛውን ዞርኩና አባትሽ ቦታ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ መስኮቱ ወዴት እንደሆነ፣ ምድጃው ወዴት እንደሆነ አየሁ። ትንሽ ጠቦኝ ነበር፤ አንቺ ወንበሩን ይዘሽ አላስቀምጥ ስላልሽኝ ገፋ አድርጌሽ ነው የተቀመጥኩት።"

ዓይኗን ገለጠች። ወደ ፊት ወጥታ መኪናውን አቃናች። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብታ፣ ቀስ ብላ፣ መሪውን መጀመሪያ ወደ ቀኟ። ተሳቢው ትንሽ አመነታና ጭራውን ወደ መግቢያው መለሰ። ስፖኪዮው ላይ ዓይኗን ተክላ ወደ ግራዋ ተከተለችው። ከእንጨቶቹ አንዱም ሳይነካ ገብቶ ቆመ።

ፈታኙ ከጋቢናው ወረዱ። ኋላውን ዞረው አዩ፣ እንጨቱን በጫማቸው ነካ አደረጉ፣ ወደ መስኮቷ ተመለሱና "ውረጂ የኔ ልጅ፣ ሌላ ተረኛ አለ" አሏት። ማለፏን የነገሯት በዚሁ ነው። አባቴ ሽቦውን ለቀቀ። ሽቦው መዳፉ ላይ መስመር መስመር አስምሮበታል።

በሳምንቱ ጠዋት ወደ ፋብሪካው ሄድን። እማዬ መሪው ላይ፣ አባቴ በወዲያኛው በር፣ እኔ መካከል። አለቃ መጫኛው በር ላይ ቆመው ቀና ብለው አዩና "ሹፌሩ የት አለ?" አሉ።

እማዬ በመስኮቱ አጎንብሳ ፈቃዱን ሰጠቻቸው። "የቤቱ ሰው ብለው አልነበር፣ አለቃ። የቤቱ ሰው ነኝ።"

አለቃ ፈቃዱን አንብበው ወደ አባቴ ተመለከቱ። አባቴ ከጋቢናው ወርዶ ዓይኑን በጣቱ አሳያቸው፤ ምን እንዳላቸው ግን አልሰማሁም። ረጅም ሰዓት ቆመው አወሩ። ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሥሩ መላጣ ነበር። ከዚያ ወደ እማዬ መጥተው መጫኛውን በእጃቸው አመለከቱ።

"እስቲ በኋላ ማርሽ ግቢ" አሉ።

ገባች። አለቃ በመጫኛውና በተሳቢው መካከል ያለውን ክፍተት በስንዝራቸው ለኩና ለሠራተኞቹ "ጫኑላት" ብለው ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ጉዞ ስንጀምር አባቴ መቀመጫው አልመቸው አለ። በዚያ መኪና ውስጥ በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅም። ቀበቶውን ፈልጎ ያጣዋል፣ የበሩ መያዣ ቦታው ይጠፋዋል። ከተማውን ወጥተን ቁልቁለቱ ሲጀምር ደግሞ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ መታ መታ ያደርግ ጀመር። ጠመዝማዛው በመጣ ቁጥር ይረግጣል። በልቡ የሚሰማው ዘፈን ያለ መስሎኝ እኔም በእግሬ አጀብኩት። አባቴ ፍሬን እየያዘ ነበር። እማዬ በጎን ታየዋለች፤ ማርሿን ቀንሳ መኪናውን በሞተሩ ይዛ ትወርዳለች።

ከቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ይመስለኛል፣ እግሩ ቀስ ቀስ እያለ ላላ። ቀጥሎ በመጣው ጠመዝማዛ አልረገጠም። በሚቀጥለውም አልረገጠም። ዘፈኑ ያለቀ መስሎኝ ቀና ብዬ ሳየው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱን አውጥቶ በደህናው ዓይኑ ወደ ውጭ እያየ ነው።

"እዚህ ወንዝ ነበር እንዴ?" አለ።

"ሁልጊዜም ነበር" አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

"እኔ አይቼው አላውቅም።"

"መቼ ታያለህ? መንገዱን ነበር የምታየው።"

የዚያን ወንዝ ስፋት በልማዴ ልነግራችሁ ምላሴ ተነስቶ ነበር፤ ማዶው የማይታይ፣ መርከብ የሚሄድበት እል ነበር። ግን አይደለም። ትንሽ ወንዝ ነበር። አባቴ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ አየው።